አይጧ አልሞተችም፤ ታዲያ ምን ይሁን?

«በኪሎ ክብደቷ 2000 ሚሊግራም ተግታ አንድም አይጥ አልሞተችም፤ ስለዚህ ቅጠሉ ጉዳት የለውም።» ይህ አባባል ከመመረቂያ ጽሑፍ ተነሥቶ የባህል መድኃኒት ብልቃጥ ላይ ሲለጠፍ ማየት ሰልችቶናል። ችግሩ ያለው «ስለዚህ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

የአንድ ጊዜ መጠን ሙከራ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ አንዴ በብዛት ቢወሰድ ይገድላል? አምስት ሴት አይጦች ይበቁታል። ለ3 ወይም ለ4 ሰዓታት ያህል ምግብ ይከለከሉና ይመዘናሉ። 25 ግራም ለምትመዝን አይጥ 50 ሚሊግራም ኤክስትራክት (ከቅጠሉ ተነጥሮ የወጣው) በግማሽ ሚሊሊትር ውሃ ተበጥብጦ፣ ጫፉ ድቡልቡል በሆነ መርፌ በአፏ በኩል ጨጓራዋ ውስጥ ይጨመራል። መጀመሪያ ለአንዷ ብቻ ይሰጣል፤ ከተረፈች አራቱ ይከተላሉ። በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓታት በቅርብ፣ ከዚያ እስከ 14ኛው ቀን በየዕለቱ ይታያሉ። (መርፌው አየር ቧንቧ ውስጥ ከገባ አይጧ ወዲያው ልትሞት ትችላለች፤ ጥፋቱ ግን በቅጠሉ ይላከካል። የሞተችውን ከፍቶ ሳንባዋን ማየት ግድ ነው።)

ቀስ ብሎ የሚጎዳውን ይህ ሙከራ አያሳይም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ቤልጅየም ውስጥ የማቅጠኛ ክኒን ለወራት የወሰዱ ከ100 በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ አንዳንዶቹ ቆይቶ የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያዛቸው። ክኒኑ ውስጥ ስቴፋንያ በተባለ ተክል ሥር ምትክ አሪስቶሎክያ የተባለ መርዛማ ተክል ገብቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ለመፈለግ ቢያንስ የ28 ቀን፣ ሲሆን የ90 ቀን ሙከራ ያስፈልጋል። በ28 ቀኑ የተለያየ መጠን የሚወስዱ ሦስት ቡድኖችና ኤክስትራክቱን የማይወስድ አንድ ማነጻጸሪያ ቡድን ይኖራሉ፤ በየቡድኑ 5 ወንድና 5 ሴት። ኤክስትራክቱ በትዊን 80 (በውሃ የማይሟሟውን ለመበጥበጥ የሚረዳ ኬሚካል) ከተበጠበጠ ማነጻጸሪያውም ያንኑ ይጠጣል፤ አለበለዚያ የትዊኑ ጉዳት ለቅጠሉ ይቆጠራል። በመጨረሻ የጉበት ጉዳት የሚጠቁሙት ኤኤልቲና ኤኤስቲ፣ የኩላሊት ጉዳት የሚጠቁመው ክሬአቲኒንም ከደም ይለካሉ፤ ጉበትና ኩላሊት ፎርማሊን ውስጥ ገብተው በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ደህና እየበላች ጉበቷ የተጎዳ አይጥ ትኖራለችና በክብደት ብቻ አትፍረዱ። በእርግዝና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ማየት ደግሞ ራሱን የቻለ ሙከራ ነው።

«የአይጧን መጠን በሰው ኪሎ ማባዛት ነው።» አይደለም። መጀመሪያ የአይጥን መጠን ወደ ሰው ለመቀየር በሚያገለግለው ቁጥር፣ ለ12.3 ይካፈላል፤ በኪሎ 2000 ሚሊግራሙ ወደ 163 ይወርዳል። እሱም ንጽጽር እንጂ የሚዋጥ መጠን አይደለም።

«ተፈጥሮ አይጎዳም።» ኮሶ አብዝተው ጠጥተው ዓይናቸው የተጎዳ ሰዎች በሕክምና ተመዝግበዋል።

«አያቶቻችን ጠጥተውታል።» እነሱ የጠጡት በውሃ የተዘጋጀውን ነው። ላብራቶሪው ብዙ ጊዜ የሚሞክረው በ80 ፐርሰንት ሜታኖል 72 ሰዓት ተዘፍዝፎ የወጣውን ነው፤ ሁለቱ የሚያወጡት ንጥረ ነገር ይለያያል፤ አንዱ ለሌላው ዋስ አይሆንም።

ናሙናው ደርቆ፣ በባለሙያ ተለይቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) ካልተቀመጠ ደግሞ አይጦቹ የጠጡት ቅጠል የትኛው እንደሆነ እንኳ ማረጋገጥ አይቻልም።