«መሞከሪያ ሊያደርጉሽ ነው» ለምትሉ ሁሉ

ባለፈው ሳምንት ከሸዋ በር ወደ ፒያሳ በባጃጅ ስሄድ ከጎኔ የተቀመጠች ሴት በስልክ «ኧረ በአላህ! ጥናት ካሉሽ እንዳትገቢ፣ መሞከሪያ ሊያደርጉሽ ነው» ስትል ሰማሁ። ዝም አልኩ። ሰልችቶኝ ነው። ደሴ ውስጥ በአንድ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነርስ ነኝ፤ ይቺን ነገር ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

የምሰማቸውን ሌሎች ወሬዎች ቶሎ ቶሎ ላንሳና ወደሷ እመለሳለሁ።

«ማስተማሪያ ሆስፒታል ተማሪ ይለማመድባችኋል።» ተማሪ ብቻውን አይወስንም። ኢንተርኑ (የመጨረሻ ዓመት ተማሪው) ያየውን ሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም) ያየዋል፣ ሬዚደንቱ ያየውን ስፔሻሊስቱ። አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ትጠየቃላችሁ፤ እሱ ያሰለቻል፣ አልክድም።

«መርፌ ከኪኒን ይበልጣል።» ይቺ ታናድደኛለች። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ድሮ ሲታከም ለወራት መርፌ ነበረው፣ ጠቅላላው ሕክምና ደግሞ 20 ወር ገደማ ይፈጅ ነበር። ሳንባው ድኖ በመርፌው ጆሮው የደነቆረ ሰው አለ። የእኛ አገር ታማሚዎችም የገቡበት «ስትሪም» የተባለ ጥናት በ2019 እ.ኤ.አ. ከ9 እስከ 11 ወር የሚወስደው ሕክምና ከረጅሙ እንደማያንስ አሳየ። በ2022 ደግሞ መርፌው ወጥቶ ቤዳኩዊሊን የሚባል ኪኒን የገባበት ሕክምና ከባለመርፌው በልጦ ተገኘ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት፣ በሌሎች ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ፣ ኪኒን ብቻ የሆነና በ6 ወር የሚያልቅ ሕክምና መከረ። «ካልተወጋሁ አልታከምኩም» የምትሉኝ እናንተን ነው የማወራው።

«አዲስ መድኃኒት ሁሌም ይሻላል።» የለም። የተለመደውን ቲቢ ከ6 ወር ወደ 4 ለማውረድ ጋቲፍሎክሳሲንና ሞክሲፍሎክሳሲን የተባሉ መድኃኒቶች ተሞክረው ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ በሽታው ያገረሸባቸው ሰዎች በዙ። እዚህ ላይ አንድ ምክር ጣል ላድርግ፦ በሁለተኛው ወር ሳሉ ስለቆመላችሁ ብቻ ኪኒኑን አታቋርጡ። ሳሉ ቆመ ማለት ተህዋሲው አለቀ ማለት አይደለም።

እሺ፣ አሁን ወደ ባጃጇ ሴት።

ሰው «ጥናት» ሲባል የሚታየው በብልቃጥ ያለ ስም የለሽ ፈሳሽ ነው። ጎረቤታችን ምሥራቅ ጎጃም የተደረገውን ልንገራችሁ። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በመሄድ የሚመጣውን የእግር እብጠት ታውቁታላችሁ፤ እዚህም ደጋው ላይ አለ። (እርግማን አይደለም፣ አይተላለፍም፣ እባብ በመርገጥም አይመጣም።) 696 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። የተሰጣቸው ምን መሰላችሁ? እግር ማጠብ፣ ቆዳ ማለስለስ፣ ፋሻ፣ የእግር እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ። በቃ! እንዲህ የተንከባከቡት ሰዎች ያ እግር የሚያቃጥለውና ትኩሳት ይዞ አልጋ ላይ የሚጥለው ሕመም ቀነሰላቸው። መጀመሪያ ያልደረሳቸውም ተጥለው አልቀሩም፣ ከዓመት በኋላ ያንኑ አገኙ። ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታተመ። መሞከሪያ የምትሉት ይሄ ነው እንግዲህ፣ ሳሙናና ጫማ።

«ደማችንን ወስደው ይሸጡታል» የምትለው የዚሁ ወሬ ታናሽ እህት ነች። አንዷ ብልቃጥ 5 ሚሊ ሊትር ትይዛለች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ። የቡና ሲኒ ውስጥ ብትገለብጧት ከታቹ ብዙም አታልፍም። ማን ይገዛታል?

ግን ፍርሃቱ ከሰማይ አልወረደም። አሜሪካ ውስጥ ቱስኬጊ በሚባል ቦታ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ቂጥኝ ያለባቸውን ጥቁር ወንዶች ሳይነግሯቸው፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ሳያክሟቸው በሽታው የት እንደሚደርስ ሲከታተሉ ኖሩ። ዛሬ ጥናት ሳይጀመር የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚመረምረው፣ እኔም የስምምነት ወረቀት ይዤ የማስቸግራችሁ እንዲህ ያለው እንዳይደገም ነው። ወረቀቱ ላይ ዋናው መስመር ደግሞ «እምቢ ማለት ይችላሉ፣ ከገቡ በኋላም ማቋረጥ ይችላሉ» የሚለው ነው።

እሱን መስመር እኛ ራሳችን እንሮጥበታለን። ይህን ያወቅኩት ባለፈው ክረምት ነው። ከኩታበር ገጠር የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፣ የስኳር ታማሚ። ጥናቱ ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው፣ መድኃኒታቸውን እንዴት እንደሚወስዱ። ወረቀቱን አነበብኩላቸው፤ ከውጭ ወረፋው ይንጫጫል፣ እኔም ቸኩያለሁ። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ነክረው ወረቀቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጣታቸው አየር ላይ ቀረ።

«ልጄ፣ ባልፈርም ካርዴን ትቀድዱታላችሁ?»

«ኧረ እማማ! ካርድዎ የእርስዎ ነው። ባይፈርሙም ሕክምናዎ እንደነበረው ነው።»

«ታዲያ ይህንን አስቀድመሽ አትይም?»

እኔ እኮ ብያለሁ። ብያለሁ ማለቴ፣ ከሁለት ገጽ መሐል በአንድ ትንፋሽ አንብቤዋለሁ። እሳቸው መርፌም፣ ፈሳሽም አልፈሩም። የፈሩት እምቢ ማለትን ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ወረቀቱን የምጀምረው ከዚያች መስመር ነው። አለቃዬ ቅደም ተከተል አበላሸሽ አለኝ፤ ይበል።

እማማ አልፈረሙም። ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ መድኃኒታቸውን ተቀብለው፣ ቆመው መረቁኝና ሄዱ። በቀጠሯቸው ሲመለሱ ገና ከበሩ «ካርዴ አለ?» አሉኝ። አውጥቼ አሳየኋቸው።