ብሳና በነጭ አይጥ ላይ፦ ለወባ የሚጠጡ የኢትዮጵያ ዕፅዋት የሚያልፉበት የመጀመሪያ ፈተና

በኢትዮጵያ ለወባ የሚጠጡ ዕፅዋት ወደ ላብራቶሪ ሲገቡ የሚጠብቃቸው ፈተና ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፤ ፕላዝሞዲየም በርጌይ በሚባል የወባ ተህዋስ የታመመ ነጭ አይጥ። በአዲስ አበባ፣ በጎንደር፣ በጅማና በመቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች የፋርማሲና የፋርማኮሎጂ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው በዚህ መንገድ በርካታ ተክሎችን መርምረዋል። ብሳና ከእነዚህ አንዱ ነው። ሊረግፍ ሲል ቅጠሉ ብርቱካናማ የሚሆነውን ይህን ዛፍ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ለጭርት ነው፤ በብዙ አካባቢ ግን ለወባም ይሰጣል።

በርጌይ የሰው በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 በያኔዋ ቤልጅየም ኮንጎ፣ በካታንጋ፣ ከዱር አይጦች የተገኘ ሲሆን ሰውን አይዝም፤ በየቀኑ የታመመ ደም ለሚነካ ተማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በሌላ በኩል በአገራችን ሰው የሚገድለው ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተህዋስ ተራውን አይጥ አይዝም። ስለዚህ የአይጡ ወባ ምትክ ነው እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ልዩነቱ በቴርሞሜትር ሳይቀር ይታያል፦ ወባ የያዘው ሰው በትኩሳት ሲነድ፣ በርጌይ የያዘው አይጥ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። የጥናት ወረቀቶች «ጭምቁ (ከተክሉ የወጣው መድኃኒት) የሙቀት መውረድን ተከላክሏል» የሚሉት ለዚህ ነው፤ ይህን ያላወቀ አንባቢ ዓረፍተ ነገሩን የተገለበጠ ስህተት አድርጎ ያነበዋል።

ሥራው የሚጀምረው ከአይጡ ክፍል ርቆ፣ የባህል መድኃኒት ባለሙያው ቅጠሉን ከሚቀነጥብበት ማሳ ነው። የአገር ስም ያሳስታል፤ ለምሳሌ ጭቁኝ የሚለው ስም ከአንድ በላይ የአርቴሚዥያ ዝርያ ይጠራበታል። ስለዚህ አበባና ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ በጋዜጣ መሐል ተጭኖ ከደረቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 በተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማኖሪያ) ወይም በሌላ ተመሳሳይ ቦታ ይታያል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ተረጋግጦም የናሙና ቁጥር ይሰጠዋል። ያ ቁጥር የሌለው ጥናት ምንም ያህል አይጥ ቢፈጅ ማንም ሊደግመው አይችልም፤ የእንስሳቱም ሕይወት በከንቱ ጠፋ ማለት ነው።

ቅጠሉ ጥላ ውስጥ ደርቆ ይፈጫል፤ ብዙ ጊዜ ውሃ በተቀላቀለበት 80 ከመቶ ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት) ለሦስት ቀን ይዘፈዘፋል። ፈሳሹ ተጠልሎ ሜታኖሉ በዝቅተኛ ሙቀት ይተናል፣ ውሃው ይደርቃል። ከጆንያ ሙሉ ቅጠል በመጨረሻ የሚተርፈው በማንኪያ የሚፋቅ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ ጥቁር አረንጓዴ ጭምቅ ነው።

ከሕክምናው በፊት መርዛማነቱ ይታያል። ለአይጧ በኪሎ ክብደት 2000 ሚሊግራም በአንድ ጊዜ ይሰጣትና ለ14 ቀን ትጠበቃለች፦ ጠጉሯ ይቆማል ወይ፣ ትንቀጠቀጣለች ወይ፣ መብላት ትተዋለች ወይ። ካልሞተች ከዚያ የሚያንሱ መጠኖች ይመረጣሉ፤ 100፣ 200 እና 400 የተለመዱት ናቸው። ይህ የአንድ ቀን መጠን ብቻ ስለሆነ ተክሉን ለወራት መጠጣት ጉበትንና ኩላሊትን ምን እንደሚያደርግ አይነግርም።

ዋናው ምርመራ የአራት ቀን ፈተና ይባላል። ከታመመ አይጥ ተቀድቶ የተቀጠነ፣ አሥር ሚሊዮን የታመሙ ቀይ የደም ሕዋሳት የያዘ 0.2 ሚሊሊትር ደም በእያንዳንዱ ጤነኛ አይጥ ሆድ ውስጥ ይወጋል። ከሦስት ሰዓት በኋላ መድኃኒቱ ይጀመራል፤ ለአንዱ ቡድን ባዶ ማሟሚያ (ጭምቁ የሚሟሟበት ፈሳሽ ብቻ)፣ ለአንዱ የታወቀው የወባ መድኃኒት ክሎሮኪን፣ ለቀሩት ሦስት ቡድኖች በሦስት መጠን ጭምቁ። በየቡድኑ አምስት ወይም ስድስት አይጦች ይገኛሉ። አሰጣጡ ልምድ ይጠይቃል። አይጧ ማጅራቷ ላይ በቆዳዋ ተይዛ ቀና ትደረጋለች፤ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ጠማማ መርፌ በአፏ ጥግ ገብቶ ወደ ጨጓራዋ ይወርዳል። እጅ ከተንቀጠቀጠ ጭምቁ ወደ ሳንባ ይገባል፤ አይጧም ከወባው ጋር በማይገናኝ ምክንያት ትሞታለች። በአምስተኛው ቀን የጭራዋ ጫፍ በጥቂቱ ተቆርጦ አንዲት ጠብታ ደም ስላይድ በሚባል ስስ መስታወት ላይ ትዘረጋለች፣ በጊምሳ ቀለም ትነከራለች። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መቁጠር ነው፤ ከስንት ቀይ ሕዋስ ውስጥ ስንቱ ሐምራዊ ነጥብ ይዟል? ቆጣሪው የትኛው ስላይድ የየትኛው ቡድን እንደሆነ አለማወቁ ይመረጣል፤ መድኃኒቱ እንዲሠራ የሚመኝ ዓይን ሳያውቀው አሳንሶ ይቆጥራልና።

የውጤቱ ቁጥር በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ለምሳሌ ያህል ባዶ ማሟሚያ የወሰዱት አይጦች 40 ከመቶ ሕዋሳቸው ቢታመም፣ ጭምቁን የወሰዱት ደግሞ 16 ከመቶ ቢሆን፣ ወረቀቱ «60 ከመቶ ገታ» ይላል። አልዋሸም፤ ነገር ግን 16 ከመቶው ሕዋሷ በወባ የተያዘ አይጥ ገና ከባድ ሕመምተኛ ናት። ብዙዎቹ ጭምቆች ዕድሜ በጥቂት ቀን ያራዝማሉ እንጂ አያድኑም። በዘርፉ 30 ከመቶ የገታ ጭምቅ «ይሠራል» ስለሚባል፣ ቃሉ ከላብራቶሪ ወጥቶ ሬዲዮ ላይ ሲደርስ ሌላ ትርጉም ይይዛል። ከክሎሮኪን ጋር መወዳደሩም እንደዚሁ ነው። ክሎሮኪን በተለመደው የበርጌይ ዝርያ ላይ ተህዋሱን ጠራርጎ ያጠፋል፤ ኢትዮጵያ ግን ፋልሲፓረም ስለተላመደው እ.ኤ.አ. በ1998 ከፋልሲፓረም የመጀመሪያ ሕክምናነት አውጥታዋለች።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ግን የአዘገጃጀቱ ነገር ነው። ባለሙያው ቅጠሉን በሜታኖል አይዘፈዝፍም፤ ወቅጦ በውሃ፣ በማር፣ በጠላ ወይም በቡና ይሰጣል፣ አንዳንዱንም ጥሬውን ይጨምቃል። ሜታኖል ከውሃ የተለየ ንጥረ ነገር ስቦ ሊያወጣ ስለሚችል፣ የተፈተነው ሕዝቡ የሚጠጣው ላይሆን ይችላል። ይህ ምን ያህል እንደሚለውጥ ቻይና ውስጥ ታይቷል። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩና ባልደረቦቿ ቺንግሃኦ የተባለውን ተክል በበርጌይ በተያዙ አይጦች ሲፈትኑ መጀመሪያ ተስፋ ሰጣቸው፤ ሲደግሙት ግን ውጤቱ ወረደ። መልሱ የተገኘው በ4ኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ ነው። መመሪያው አንድ ጭብጥ ቅጠል በውሃ ነክሮ፣ ጨምቆ መጠጣት ነበር፤ ማፍላት የሚል የለበትም። ሙቀቱ መድኃኒቱን ሳያጠፋው አይቀርም ብለው በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር ሲያወጡት፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1971 ቁጥር 191 የተባለው ናሙና ተህዋሱን መቶ በመቶ ገታ። ዛሬ በጤና ጣቢያዎቻችን የሚሰጠው የወባ መድኃኒት ኮአርተም የዚያ ግኝት ልጅ ነው። በእኛ አገር ጥናቶች መግቢያ ላይ የባለሙያው አሰጣጥ በአንድ መስመር ተጠቅሶ ይታለፋል፤ እኔ ግን ከጠቅላላው ወረቀት ይበልጥ ውድ መረጃ እርሱ ይመስለኛል።

በተመሳሳይ አሠራር ሌሎች በሽታዎችም ይፈተናሉ። ስትሬፕቶዞቶሲን በሚባል ኬሚካል ስኳር በሽታ የያዛቸው አይጦች፣ በጉሎ ዘይት ተቅማጥ የያዛቸው፣ መዳፋቸው ካራጊናን በሚባል ንጥረ ነገር ያበጠ ለየዓላማው ይዘጋጃሉ፤ ዳማ ከሴም ትኩሳት ያበርድ እንደሆነ በአይጥ ታይቷል። የእንስሳት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይፈቅድ ሥራው አይጀመርም። ሰጋቱራው በወቅቱ መቀየሩ፣ ውሃና መኖ አለመጓደሉ፣ የስቃይ ምልክት የበዛባት አይጥ ሞቷን ሳትጠብቅ መገላገሏ በደንቡ ውስጥ አለ።

የቀረው ጥያቄ መጠን ነው። የአይጥን መጠን ወደ ሰው ለመቀየር በግምት ለ12.3 ይካፈላል፤ ስለዚህ 400 ሚሊግራም በኪሎ ለ60 ኪሎ ሰው ወደ 2 ግራም ጭምቅ ይሆናል። የቅጠሉ አንድ አሥረኛ ብቻ ጭምቅ ሆኖ ቢወጣ፣ ይህ 20 ግራም ደረቅ ቅጠል ነው። ባለሙያው ግን በግራም አይሰጥም፤ በጭብጥ፣ በቡና ስኒ፣ በጣት ጫፍ ይለካል። አንዳንድ ተመራማሪ ተመልሶ ሄዶ ያንን ጭብጥ በሚዛን ይመዝነዋል፣ ለስንት ቀን፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ ብሎ ይጠይቃል፤ በአይጧም ላይ የሚጀምረው ከዚያ መጠን ነው።