የሌሊት ወፍ ወፍ ነውን? ስለ ሕያዋን የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ላይ የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ሳስተምር በየዓመቱ የሚያጋጥመኝ አንድ ነገር አለ። ተማሪዎቼ የሕያዋንን ባሕርያት፣ ማለትም መመገብን፣ መተንፈስን፣ ማደግን፣ መራባትን፣ ለአካባቢ ለውጥ ምላሽ መስጠትን፣ ቆሻሻ ማስወገድንና መንቀሳቀስን በቃላቸው ይዘረዝራሉ፤ ከክፍል ወጥተው በጣና ዳር የሚያዩትን ሲመድቡ ግን ስሙንና መልኩን ብቻ ተከትለው ይፈርዳሉ። ደጋግመው ከሚነሡት ስሕተቶች ጥቂቶቹን እነሆ።

«የሚንቀሳቀስ ሕይወት አለው፤ የማይንቀሳቀስ የለውም»

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንደሚባለው ወንዙ ከጣና ወጥቶ ሲጓዝ ለአፍታም አያርፍም። ይሁን እንጂ የሚነዳው የመሬቱ ተዳፋትነትና የስበት ኃይል ነው፤ ሕዋስ የለውም፣ ከምግብ ኃይል አያመነጭም፣ ዘር አይተካም። በአንጻሩ በጎተራ የተቀመጠ ገብስ የሞተ ይመስላል። ለጠላ ብቅል የምታዘጋጅ እናት ግን ያንኑ ገብስ ነክራ፣ ውሃውን አጥልላ በኮባ ስትሸፍነው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከፍሬው ጫፍ ነጫጭ ሥሮች ብቅ ይላሉ። ከመነከሩ በፊትም በፍሬው ውስጥ ያለው ሽል እጅግ በዝግታ ይተነፍስ ነበር። ተቆልቶ ቆሎ የሆነውን ገብስ በዚያው መንገድ ብንነክረው አብጦ ይበሰብሳል እንጂ አይበቅልም፤ እሳቱ ሽሉን ገድሎታልና። ሕይወት ባለውና በሌለው መካከል ያለውን ልዩነት ለማሳየት ከብቅልና ከቆሎ የተሻለ የማስተማሪያ መሣሪያ እስካሁን አላገኘሁም።

«የማይራባ ነገር ሕያው አይደለም»

በቅሎ 64 ክሮሞሶም (በሕዋስ ውስጥ ውርስን የሚሸከም አካል) ካላት ፈረስና 62 ካለው አህያ ተወልዳ 63 ስለሚኖራት የዘር ሕዋስ በአግባቡ ማዘጋጀት ያቅታታል፤ በመሆኑም እጅግ አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር አትወልድም። ነገር ግን ትበላለች፣ ትተነፍሳለች፣ ሕዋሶቿም ይከፋፈላሉ። መራባት የሕያዋን ባሕርይ ነው ሲባል እያንዳንዱ ግለሰብ የግድ ይወልዳል ማለት አይደለም። በነገራችን ላይ «በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት አጎቴ ፈረስ ነው አለ» የሚለው ተረት በሥነ ሕይወት ረገድም ትክክል ነው፤ እናቱ ባዝራ ናትና።

«የሌሊት ወፍ ወፍ ነው፤ ጉማሬም በውሃ ስለሚኖር ለዓሣ ይቀርባል»

እዚህ ላይ የሚያሳስተን ቋንቋችን ራሱ ነው። የሌሊት ወፍ ላባ የለውም፤ ገላው በጸጉር የተሸፈነ ነው፣ ልጁን ወልዶ ጡት ያጠባል፣ ክንፉም እጅግ በረዘሙት የጣቶቹ አጥንቶች መካከል የተወጠረ ስስ ቆዳ ነው። ስለዚህ አጥቢ እንስሳ ነው። በጣና ዳር ቀኑን በውሃ ውስጥ የሚያሳልፈው ጉማሬም በሳንባው ለመተንፈስ ብቅ ይላል፣ ማታ ወጥቶ ሣር ይግጣል፣ ግልገሉንም ያጠባል። በሕይወት ካሉት እንስሳት መካከል የቅርብ ዘመዶቹ እነ ዓሣ ነባሪ ናቸው፤ እነርሱም ስማቸው «ዓሣ» ቢልም አጥቢዎች ናቸው። በዚህ ስሕተት ማንም ማፈር የለበትም። የዘመናዊ ምደባ አባት የሚባለው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እንኳ ዓሣ ነባሪን መጀመሪያ ከዓሦች ጋር መድቦ ነበር፤ ወደ አጥቢዎች ያዛወረው እ.ኤ.አ. በ1758 ባሳተመው ሥራው ነው።

«እንጉዳይ ተክል ነው»

አይደለም። ክሎሮፊል ስለሌለው ምግቡን ከብርሃን አያዘጋጅም፤ ከእርሾና ከሻጋታ ጋር ፈንገስ በሚባለው ስፍን (ከትልልቆቹ የሕያዋን ምድቦች በአንዱ) ይመደባል።

«በሽታ የሚያመጣ ሁሉ ጀርም ነው፤ ልዩነት የለውም»

ይህ አመለካከት ጤና ስለሚያሳጣ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። የሳንባ ነቀርሳ መንሥኤ ባክቴሪያ ነው። በአካባቢያችን የምናውቀው ወባ የሚመጣው በፕላስሞዲየም ሲሆን እርሱም ኒውክሊየስ ያለው ባለ አንድ ሕዋስ ፕሮቲስታ ነው። ኢንፍሉዌንዛ የሚያመጣው ቫይረስ ደግሞ ከነጭራሹ ሕዋስ ስለሌለው የባክቴሪያ መድኃኒት አይሠራበትም። ቢልሃርዝያን የሚያመጣው ግን ትል፣ ማለትም እንስሳ ነው፤ በቀንድ አውጣ ውስጥ ተራብቶ ወደ ውሃው ከወጣ በኋላ በሰው ቆዳ ዘልቆ ይገባል። ስለሆነም የሚጠጣውን ውሃ አፍልቶ በሐይቁ ዳር ባዶ እግሩን የሚቆም ሰው ራሱን ከቢልሃርዝያ ጠበቀ ማለት አይቻልም።

«ነጭ ዓሣ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው»

በገበያ ላይ ከጣና የሚመጣው ዓሣ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ተብሎ ይለያል። ነጭ ዓሣ የሚለው ስም ግን ላቢዮባርበስ ከሚባለው ወገን የሆኑ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎችን በአንድነት ይሸፍናል፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በየትኛውም የዓለም ክፍል አይገኙም። 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጡ ዓሦችን ስለሚያግድ እነዚህ ዝርያዎች ለረጅም ዘመን ተነጥለው ተለያይተዋል። ከአንድ መረብ የወጡ ሁለት ነጭ ዓሦችን ጎን ለጎን አስቀምጦ አፋቸውን ማየት ይበቃል፤ አንዱ ከሐይቁ ወለል ነፍሳት የሚለቅምበት ወፍራም ሥጋማ ከንፈር ሲኖረው፣ ሌላው ሌሎች ዓሦችን የሚውጥበት ሰፊ አፍ አለው። ብዙዎቹ በክረምት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ፤ በዚያ ወቅት በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ሲዘረጋ ዕንቁላል የያዙት በአንድ ጊዜ ይጠመዳሉ። ሁሉም «ነጭ ዓሣ» ተብለው በአንድ ሚዛን በኪሎ ከተመዘገቡ የጠቅላላው ክብደት ሳይቀንስ አንዱ ዝርያ ከሐይቁ ሊጠፋ፣ መጥፋቱም በመዝገቡ ላይ ሳይታይ ሊቀር ይችላል።