የወንዝ ዳር ፐብ ምንድን ነው?

ፐብ የእንግሊዝ መጠጥ ቤት ነው። ቃሉ «ፐብሊክ ሃውስ» ከሚለው ያጠረ ነው፤ የሕዝብ ቤት እንደማለት። በአማርኛ «ባር» ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ ግን ፐብ በአመጣጡ ከባር ይልቅ ለጠላ ቤት ይቀርባል። ቤቷ የጠመቀችውን ለጎረቤት የምትሸጥ ሴት ነበረች መነሻው። እኛ ጋ እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ «እዚህ ቤት ጠላ አለ» እንደሚለው ሁሉ፣ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝም መጠጡ የደረሰበት ቤት ቅጠል የታሰረበትን ረጅም እንጨት ከበሩ በላይ ያወጣ ነበር። በ1393 በንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ ዘመን ምልክት ማውጣት በሕግ ግዴታ ሆነ። ዛሬ በየፐቡ ደጃፍ የሚወዛወዘው ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ከዚያ የወረደ ነው።

ወንዝ ዳር መሆኑ ደግሞ ለመልክዓ ምድሩ ውበት ተብሎ አልነበረም። ወንዝ መንገድ ነበር። ጀልባ ቀዛፊ፣ ጭነት አውራጅና መርከበኛ ከውሃው ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ደረጃ ላይ መጠጥ የሚሸጥለት አላጣም። ለንደን ዋፒንግ ያለው «ፕሮስፔክት ኦፍ ዊትቢ» አመጣጡን ወደ 1520 ገደማ ይቆጥራል። ግሪንዊች ያለው «ትራፋልጋር ታቨርን» በ1837 ሲሠራ የመጠጥ ፈላጊው ዓይነት ተለውጦ ነበር፤ ትልልቅ ባለሥልጣናት ከቴምዝ ወንዝ የተያዘች ጥቃቅን ዓሣ ጥብስ ሊበሉ በጀልባ ይመጡበት ነበር። ከኦክስፎርድ ወጣ ብሎ ያለው «ትራውት» ደግሞ ውሃው በትንሽ ግድብ ላይ እየወደቀ በሚጮህበት ዳር ተቀምጧል።

የሚጎበኘው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። እነዚህን ወራት እንግሊዝ ውስጥ «በጋ» ስንል የአገራችን ክረምት መሆኑን አንርሳ፤ እዚያም ቢሆን ዝናቡ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ ስለዚህ ስስ ጃኬት መያዝ ነውር የለውም። በሰኔ መጨረሻ ለንደን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 21:20 ገደማ ስለሆነ ከሥራ በኋላ የሄደ ሰው ገና ሦስት አራት ሰዓት ብርሃን ይጠብቀዋል። (እዚህ የሚጠቀሰው ሰዓትና ዓመተ ምሕረት ሁሉ የእንግሊዝ አቆጣጠር ነው።)

አዲስ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው ቁጭ ብሎ በመጠበቅ ነው። ወንበር ይዞ ግማሽ ሰዓት ቢቀመጥ ማንም አይመጣም። የሚታዘዘው ባንኮኒው ላይ ነው፣ የሚከፈለውም እዚያው፣ ብርጭቆውን ተሸክሞ ወደ ወንዙ የሚወጣውም ራሱ ጠጪው ነው። ብዙ ጊዜ ሰልፍ የሚባል አይታይም፤ ሰው በባንኮኒው ርዝመት ተደርድሮ ይቆማል፣ ግን እያንዳንዱ ከእሱ በፊት ማን እንደደረሰ ያውቃል። አስተናጋጁ ተሳስቶ ቀድሞ ቢጠይቅዎ «እሳቸው ይቀድማሉ» ማለት ያስከብራል። ማጨብጨብ፣ ማፏጨት፣ ገንዘብ ማውለብለብ ግን ፈጽሞ አይሆንም። አገር ቤት ጭብጨባ አስተናጋጅ መጥሪያ ቢሆንም እዚያ ስድብ ነው፤ ያጨበጨበ ሰው ተራው መጨረሻ ላይ ይደርሰዋል። ዓይን ለዓይን መተያየትና ካርድ በእጅ ይዞ መቆም ይበቃል።

ከሌሎች ጋር የሄደ በዙር ይጋብዛል። አራት ሰው ከሆኑ አንዱ ለአራቱም ይገዛል፣ ቀጥሎ ሌላው። የኛ ሰው «እኔ ልክፈል፣ አይሆንም እኔ ነኝ» ብሎ መታገል ስለለመደ ሁሉንም ዙር ለመሸፈን ይሞክራል፤ ይህ እዚያ ሌላውን ተራ እንደመንጠቅ ይቆጠራል። የከፋው ግን ሦስት ዙር ተጋብዞ የራስ ተራ ሲደርስ መሄድ ነው፤ ይህን ለዓመታት አይረሱትም። አልኮል የማይጠጣም ዙሩ ውስጥ ይገባል፣ ለእሱ ሎሚ ያለበት ሶዳ ይገዛለታል። ባንኮኒ ላይ ጉርሻ መተው አልተለመደም፤ አስተናጋጁን ማመስገን የፈለገ «ለራስህም አንድ» ብሎ በሒሳቡ ላይ ያስደምራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ መጠጡ። እንግሊዝ ውስጥ ፐብን ፐብ የሚያሰኘው የበርሚል ኤል የሚባለው የቢራ ዓይነት ነው። እንደ ጠላ ከብቅል ይሠራል፤ በጌሾ ቦታ ሆፕ የሚባል መራራ አበባ ይገባበታል። ከፋብሪካ የሚወጣው ግን ሳይሞት ነው፦ ሳይጣራ፣ እርሾውን በሙቀት ሳይገድሉት፣ እንዳለ በርሚል ውስጥ ይገባና መፍላቱን በፐቡ ምድር ቤት ይጨርሳል። የተለመደው በርሚል 9 ጋሎን፣ ማለትም 41 ሊትር ያህል ይይዛል፤ 72 ፓይንት ነው። አንድ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ነው፤ ግማሹ 284።

የምድር ቤቱ ሠራተኛ በርሚሉን አጋድሞ ያስቀምጠዋል፣ ከላይ ያለውን ውታፍ በትንሽ የእንጨት ችካል ወግቶ ትርፉን ጋዝ ያስወጣል፣ ከዚያ አተላው እስኪዘቅጥና መጠጡ እስኪጠልል አንድ ወይም ሁለት ቀን ይተወዋል። ከተከፈተ በኋላ አየር ስለሚገባው በሦስት ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ከቆየ እንደ ጠላ ይኮመጥጣል፤ ምክንያቱም ያው ነው፣ አየር ያገኙ ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ ይለውጡታል።

ምድር ቤቱ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። «እንግሊዞች ሞቅ ያለ ቢራ ይጠጣሉ» የሚባለው ወሬ ከዚህ የመጣ ነው። መጠጡ አይሞቅም፤ በፍሪጅ ብርድ ስላልተገደለ ጣዕሙ ይወጣል። ሙቀት በበዛበት ሳምንት ግን የድሮ ቤት ምድር ቤት ራሱ ይሞቃል፤ ከዚህም በላይ ከበርሚሉ እስከ ባንኮኒው ባለው ቧንቧ ውስጥ ያደረው መጠጥ ይግላል። ጥሩ ፐብ ጠዋት ያንን ቀድቶ ይደፋዋል። ሰነፍ ፐብ ለመጀመሪያው ደንበኛ ይሰጠዋል። ስለዚህ በሙቀት ቀን በር እንደተከፈተ የመጀመሪያውን ፓይንት ከማዘዝ ሰው ሲጠጣ የታየውን ኤል መምረጥ ይሻላል፤ ብዙ የሚሸጠው ሁልጊዜ ያልቆየው ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ባዶ ቤት ውስጥ ስምንት የኤል ዓይነት ተደርድሮ ካዩ ተጠራጠሩ፤ ስምንት በርሚል በሦስት ቀን የሚጨርስ ደንበኛ ከየት ይመጣል?

ኤሉ የሚቀዳው በጋዝ ግፊት አይደለም፣ ረጅም የእንጨት እጀታ ባለው የእጅ ፓምፕ ተስቦ ነው። እጀታው ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ወደ አስተናጋጁ ከዞረ ያ ኤል አልቋል ማለት ነው። የትኛውን እንደሚወዱ ካላወቁ ጉንጭ ያህል ቅመሱ ይሉዎታል፤ ለዚህ አይከፈልም። የተሰጠዎ ኤል የኮምጣጤ ሽታ ካለው፣ አረፋ አልባ ሆኖ ከሞተ፣ ወይም እንደ አተላ ከደፈረሰ ሁለት ጊዜ ተጎንጭተው ይመልሱት፤ ግማሹን ጠጥቶ መመለስ ግን አያምርም። በትሕትና ከተነገራቸው ሳይከራከሩ ይለውጣሉ። በ1971 የተመሠረተው ካምራ የተባለው የጠጪዎች ማኅበር የታገለው ይህ ዓይነት ኤል በፋብሪካ ጋዝ በታሸገው እንዳይተካ ነበር፤ ባይታገል ኖሮ ምናልባት ዛሬ የሚወራለት አይኖርም።

ኤል ያልጣመው ቀዝቃዛ ላገር (አገር ቤት የለመድነው ዓይነት ቢራ) አለለት፣ የፖም ሳይደር አለለት። ፀሐይ ላይ ለመቆየት ብልሆች የሚያዙት ሻንዲ ነው፦ ግማሽ ቢራ፣ ግማሽ ሌሞኔድ። ሌሞኔድ ሲሉ የሎሚ ጭማቂ ማለታቸው አይደለም፣ ነጩን ለስላሳ ነው። ፒምስ የሚባለው ቀይ መጠጥ አንድ እጁ ከሦስት እጅ ሌሞኔድ ጋር ተቀላቅሎ ከዱባ ዘመዱ ኪያር፣ ከእንጆሪና ከናና ጋር ይቀርባል፤ ጭማቂ ይመስላል፣ ግን ያሰክራል።

ምግብ ቤቱ ከቡና ቤቱ ያጠረ ሰዓት አለው። ብዙ ጊዜ ከ12:00 እስከ 14:30 ወይም 15:00፣ ከዚያ ከ18:00 እስከ 21:00 ገደማ ነው። 15:30 ላይ ተርቦ የደረሰ በከረጢት የታሸገ የድንች ቺፕስ ይበላል። ስታዝዙ የጠረጴዛችሁን ቁጥር ይጠይቋችኋል፤ ቁጥሩ እንጨቱ ላይ ተቸንክሯል፣ ከመነሣት በፊት ማየት ነው። ለኛ ሰው ሌላ ጥንቃቄም አለ። ባንኮኒ ላይ በትንሽ ከረጢት የሚሸጠው «ፖርክ ስክራቺንግ» የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ ነው። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ቀን በኛ አቆጣጠር፣ በእነሱ ኦገስት 7 ስለሚገባ ልክ የወንዝ ዳሩ ወቅት ላይ ይውላል፤ ከምግብ ጋር የሚቀርበው የድንች ጥብስ በአንዳንድ ቤት በከብት ሞራ ስለሚጠበስ መጠየቅ ያስፈልጋል። የበርሚል ኤልም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚጠልለው ከዓሣ የአየር ከረጢት በሚወጣ ነገር ነው። የጾም ምግብ ለማግኘት «ቪጋን» ብሎ መጠየቅ አጭሩ መንገድ ነው።

ወንዙ ራሱ የሚያመጣው ጣጣ ደግሞ ብዙ እንግዳ የማያውቀው ነው። ቴምዝ በምዕራብ ለንደን እስካለችው ቴዲንግተን ድረስ ከባሕር ጋር ይተነፍሳል። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። በመሀል ለንደን ልዩነቱ እስከ 7 ሜትር ይደርሳል። ጨረቃ በተወለደችና ሙሉ በሆነች ማግስት ሙላቱ ይበረታል፤ እነዚያ ትልልቅ ሙላቶች ደግሞ ለንደን የሚደርሱት ከእኩለ ቀን በኋላ 15:00 አካባቢ ነው፣ ልክ ሰው ምሳውን በልቶ ዳር ላይ በተዘረጋበት ሰዓት። ሪችመንድ ያለው «ዋይት ክሮስ» ፐብ በዚህ ይታወቃል። ውሃው መንገዱን ሸፍኖ እስከ ደረጃው ይመጣል፣ ውስጥ ያለው ሰው እስኪጎድል ቁጭ ብሎ ሌላ ያዛል፣ ወንዝ ዳር የቆመ መኪና ግን ጎማው ይዋጣል። ማስጠንቀቂያው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፣ የሚያነበው ጥቂት ነው። ከመሄድ በፊት የለንደን ወደብ ባለሥልጣን የሚያወጣውን የሙላት ሠንጠረዥ ማየት ይበቃል፤ ሠንጠረዡ በግሪንዊች ሰዓት ከሆነ በበጋ አንድ ሰዓት ይደመርበታል። ውሃው በሚጎድልበት ሰዓት የደረሰ ደግሞ ወንዝ ፈልጎ ጭቃ ያገኛል። ከቴዲንግተን በላይ፣ እንደ ኦክስፎርድ ባለው አካባቢ፣ ይህ ሁሉ የለም።

ጠጥቶ መዋኘት ግን የትም አይሞከርም። በሙቀት ቀንም ውሃው ከላይ እንጂ ከታች አይሞቅም፣ ግድብ ያለበት ቦታ ደግሞ የወደቀውን ሰው መልሶ ወደ ሥር ይጎትተዋል።

በነሐሴ ተርብ ይበዛል፤ ጣፋጭ መጠጥ የያዘ ብርጭቆ አፉ ይከደን፣ ሳይደርም ከመጠጣት በፊት ውስጡ ይታይ። ስዋኖቹ ያምራሉ፣ ዳቦ ከጣሉላቸው ግን ጠረጴዛው ድረስ ይመጣሉ። ልጆች ከቤተሰብ ጋር ይገባሉ፣ ብዙ ቦታ እስከ 21:00 ገደማ። አልኮል የሚሸጠው 18 ዓመት ለሞላው ነው፤ ከ25 በታች የሚመስል ሁሉ ግን መታወቂያ ስለሚጠየቅ ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ የሌለው ወጣት ሶዳ ይዞ ይውላል።

የግቢው መቀመጫ ከቤቱ ቀድሞ ይዘጋል፣ ለጎረቤት ጸጥታ ሲባል። ውስጥ ግን መዝጊያው ሲቃረብ ደወል ይደወላል፤ ያ የመጨረሻው ማዘዣ ነው። ሁለተኛው ደወል ሽያጭ መቆሙን ይናገራል፣ ከዚያ በእጅ ያለውን ለመጨረስ 20 ደቂቃ ያህል ይሰጣል። ሲወጡ ባዶውን ብርጭቆ ከግቢው ወደ ባንኮኒው መልሰው ያስቀምጡታል።