የሬስሊንግ አሻንጉሊት ሪንግ፦ ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልጄ ሳሎን ምንጣፍ ላይ የሬስሊንግ (የትግል ትርዒት) አሻንጉሊት ሪንጉን፣ ማለትም በገመድ የታጠረውን መድረክ፣ ዘርግቶ ሲጫወት እንግዳ ከደረሰ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። አንዱ "ድብድብ እኮ ነው ይሄ" ይላል። ሌላው "ምን ያደርግለታል፣ ሁሉም ውሸት" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ "የድሮው ካለህ እንዳትጥለው፣ ሀብታም ያደርግሃል" ብሎ ይመክረኛል። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እዚህ የሬስሊንግ ፊገር፣ ማለትም የታጋይ አሻንጉሊት፣ እና ሪንግ በየሱቁ አለ፣ ልጆቻችንም በየልደቱ ይሰጣጡታል። ብዙ ወላጅ ግን ምንነቱን ሳያውቅ ነው የሚገዛው፣ ወይም ሳያውቅ የሚከለክለው። እኔ ለልጄ ብዬ ጀምሬ አሁን የድሮዎቹንም የምሰበስብ ሰው ነኝ፤ ነገሩን ከልቤ እወደዋለሁ። ስለዚህ የሚባሉትን አንድ በአንድ እናንሳቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

"ሪንግ ሪንግ ነው፣ የትኛውም ፊገር ይሆነዋል"

አይሆነውም። ገንዘብ የሚያስጥለው ስህተት ይሄ ነው፣ እኔም ወድቄበታለሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ ያገለገለ ዕቃ ዘርግተው ሲሸጡ ሪንግ አየሁ። ንጹሕ ነው፣ አራቱም ቋሚዎች አሉ፣ ገመዱም አልተበጠሰም። ሳላመነታ ገዛሁት። ቤት ስደርስ ልጄ ሁለት ፊገር አምጥቶ አቆመበት። የላይኛው ገመድ ወገባቸው ጋ እንኳ አልደረሰም። ሁለቱ ገብተው ለሦስተኛው መቆሚያ የለም። "አባዬ፣ ይሄ እኮ የሕፃናት ነው" አለኝ።

የሕፃናት ሳይሆን የሌላ ዘመን ነበር። ትልቁ የአሜሪካ ሬስሊንግ ድርጅት ደብልዩ ደብልዩ ኢ ነው። እስከ 2002 ስሙ ደብልዩ ደብልዩ ኤፍ ነበር፤ በተመሳሳይ ምህጻረ ቃል የሚጠራው የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት በፍርድ ቤት ረትቶት ነው የቀየረው። ይሄ ድርጅት አሻንጉሊቱን የመሥራት ፈቃድ በየዘመኑ ለተለያየ ኩባንያ ሲሰጥ ቆይቷል፣ እያንዳንዱ ኩባንያ ደግሞ በራሱ ልክ ነው የሠራው።

በ1984 የጀመረው ኤልጄኤን ነው። የሱ ፊገሮች ከጎማ የተሠሩ፣ ከበድ ያሉ፣ ቁመታቸው 8 ኢንች ወይም 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። እጅም እግርም አይታጠፍም፣ እንደቆመ ነው የሚጋጨው። ከ1990 እስከ 1994 ሃስብሮ ተረከበ። የሱዎቹ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠሩ አጫጭሮች ናቸው፣ 4 ኢንች ተኩል ገደማ፤ ሆዳቸው ውስጥ ስፕሪንግ አለ፣ ጎትታችሁ ስትለቁት ወይም ስትጫኑት እያንዳንዱ የራሱን ምት ይመታል። ከዚያ ጃክስ ፓሲፊክ መጣ፣ እስከ 2009 መጨረሻ ድረስም ቆየ። ከ2010 ጀምሮ ማቴል ነው፣ አሁን ሱቅ የምታገኟቸው 6 ኢንች አካባቢ የሆኑት የሱ ናቸው። እኔ የገዛሁት ሪንግ ለአጫጭሮቹ የሃስብሮ ፊገሮች የተሠራ ነበር። ሪንጉ ምንም አልጎደለውም፣ ጥፋቱ ሳልለካ የገዛሁት የኔ ነው።

ስለዚህ ያገለገለ ሪንግ ልትገዙ ስትሄዱ አንድ ፊገር ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። ሪንጉ መሐል አቁሙት። የላይኛው ገመድ ደረቱ አካባቢ ከዋለ ልኩ ነው። ጀርባውን አስተኝታችሁ ደግሞ ከእግሩ እስከ ገመዱ ቦታ መትረፉን እዩ፣ ምክንያቱም ጨዋታው ግማሹ መውደቅ ነው።

"የእውነተኛው ሪንግ ትንሽ ቅጂ ነው"

መልኩ አዎ፣ ልኩ ግን አይደለም። የደብልዩ ደብልዩ ኢ እውነተኛ ሪንግ በእያንዳንዱ ጎን 20 ጫማ ነው፣ 6 ሜትር ገደማ። 6 ጫማ የሚረዝም ሰው 6 ኢንች ፊገር ከሆነ አንድ ጫማ ወደ አንድ ኢንች ወረደ ማለት ነው። በዚሁ ሒሳብ ሪንጉም 20 ኢንች መሆን አለበት። በየሱቁ የሚሸጠው የማቴል መደበኛ ሪንግ ግን 14 ኢንች አካባቢ ነው። ፊገሮቹ እንደተጨናነቁ የሚታያችሁ ለዚህ ነው። ፎቶ የሚያነሱ ሰብሳቢዎች ትልቁን ሪንግ የሚፈልጉት በዚሁ ምክንያት ነው፣ ለልጅ ግን ትንሹ ይሻላል። አልጋ ሥር ይገባል፣ ልጁም ቁጭ ብሎ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው እጁ ይደርሳል።

"የቦክስ ሪንግ አይደል?"

አይደለም፣ ልዩነቱን ልጄ ነው ያሳየኝ። ገመዱን ቁጠሩ፦ ቦክስ ብዙውን ጊዜ አራት ነው፣ ሬስሊንግ ሦስት። ማዕዘኑን እዩ፦ ቦክስ ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ ረጅም ትራስ አለ፣ ሬስሊንግ ላይ ገመዱ ከቋሚው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሦስት ትንንሽ ትራሶች ለየብቻ አሉ። ምክንያት አለው። ሬስለሩ እነዚያ ላይ ይወጣል፣ ከላይ ቆሞ ይዘላል። መካከለኛው ትራስ መወጣጫ ደረጃ ነው።

ወለሉም ይለያል። የሬስሊንግ ሪንግ ከላይ ሸራ ነው፣ ከሥሩ ስስ ስፖንጅ፣ ከዚያ ጣውላ፣ ከዚያ ብረት። ጣውላው ትንሽ ይረግባል፣ ሰው ሲወድቅበትም "ድም!" ይላል። ድምፁ እንዲጎላ ከሥር ማይክሮፎን ይደረጋል። የአሻንጉሊቱ ወለል ሥር ስፕሪንግ የሚገባው ይሄንኑ ለማስመሰል ነው። ፊገሩን ከላይኛው ገመድ ጣሉትና ስሙት። ያቺ ድምፅ ናት ለልጁ ዋናዋ። ስፕሪንግ የሌለው ርካሽ ሪንግ ሲገዛለት ቶሎ የሚሰለቸውም ድምፅ ስለሌለው ነው፣ እኔ በሁለት ሪንግ ነው ያረጋገጥኩት።

"ልጅን ድብድብ ያስተምራል"

ይሄን በቁም ነገር ነው የምመልሰው፣ ምክንያቱም የሚጠይቁት ልጃቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው አንዲት እናት ቤታችን መጥተው "ምነው ልጄ፣ ጠብን በእጅህ ገዝተህ ታስገባለህ?" አሉኝ። "እማማ፣ እስቲ አሥር ደቂቃ ይዩትና ይፍረዱ" አልኳቸው።

ያዩት ይሄን ነው። ልጄ መጀመሪያ መብራት አጠፋ። በስልኬ ባትሪ እያበራ አንዱን ፊገር ከሶፋው ሥር እያራመደ አመጣው። መግቢያ ነው፣ ሁሉም በየራሱ አካሄድ ነው የሚገባው። ቀጥሎ በወፍራም ድምፅ ስሙን አስተዋወቀ። ከዚያ ኮሜንታተር ሆነ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በአማርኛ፦ "ኦ ማይ ጋድ! ጓደኛውን ከዳው!" ከዳው ያለው ከሁለት ሳምንት በፊት አብሮት ቡድን የነበረውን ነው፣ አልረሳውም። ዳኛው መቁጠር ጀመረ። አንድ። ሁለት። ሦስት ሊል ሲል የወደቀው ትከሻውን አነሳ። እማማ "እሰይ!" አሉ፣ እጃቸውን አጨብጭበው።

ይሄ ልጅ ታሪክ እየሠራ ነው። ጥሩ ሰው አለ፣ ክፉ አለ፣ ክህደት አለ፣ መመለስ አለ። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ እውነተኛው ሬስሊንግ የሁለት ሰዎች መተባበር መሆኑ ነው። አንዱ ሲያነሳ ሌላው ራሱ ይዘልለታል፣ ሲጥለው አንገቱን ይጠብቅለታል። ልጅ ይሄን ሲረዳ "ማን አሸነፈ" ከሚለው አልፎ "እንዴት አብረን እናሳምረው" ወደሚለው ይሄዳል።

አደጋው ሌላ ቦታ ነው ያለው፦ ልጁ በራሱና በእህቱ ላይ ልሞክረው ሲል። እኛም ልጅ ሆነን ሳር ላይ ትግል እንጋጠም ነበር፣ ግን ከሶፋ ላይ አንገት ላይ አንዘልም። ድርጅቱ ራሱ "ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት" የሚል ማስጠንቀቂያ ለዓመታት ሲያሳይ የኖረው በምክንያት ነው። እኛ ቤት ሕጉ አንድ ነው፦ የሚወድቀው ፊገር ብቻ ነው። ሕጉ ከተጣሰ ሪንጉ ለአንድ ሳምንት ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። አንዴ ወጥቷል፣ ከዚያ ወዲህ አልተደገመም።

"ሁሉም ውሸት ነው፣ ምን ዋጋ አለው"

ውጤቱ አስቀድሞ የሚወሰን መሆኑን ያኔ ደብልዩ ደብልዩ ኤፍ የሚባለው ድርጅት ራሱ በ1989 ለኒው ጀርሲ ግዛት ሕግ አውጪዎች ተናግሯል። እንደ ስፖርት ሳይሆን እንደ መዝናኛ ቢታይ ከስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ከግብሩ ይድን ስለነበር ነው። ምስጢር አይደለም ማለት ነው፣ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ግን ከመሰላል የወደቀ ሰው ከመሰላል ወድቋል። ጀርባው ጣውላውን ይነካል፣ ጉልበቱ ይሰበራል። ለአሻንጉሊት ደግሞ ክሱ ጭራሽ አይሠራም፤ ልጁ ማን እንደሚያሸንፍ ራሱ ነው የሚወስነው፣ ሥራው ያ ነው።

"የወንዶች ጨዋታ ነው"

አጭር መልስ አለኝ፦ አይደለም። የሬስለሮች ማናጀር የነበረችው ሚስ ኤልዛቤት በኤልጄኤን ጊዜም ፊገር ነበራት። በ2019 የደብልዩ ደብልዩ ኢ ትልቁ ዓመታዊ ዝግጅት በሆነው ሬስልማኒያ 35 የምሽቱን የመጨረሻ፣ ማለትም ዋናውን ግጥሚያ ያደረጉት ሦስት ሴቶች ናቸው፦ ቤኪ ሊንች፣ ሮንዳ ራውዚ እና ሻርለት ፍሌር። የጎረቤታችን ልጅ ቤኪን ይዛ ትመጣለች፣ የአሸናፊውን ቀበቶም አትመልስም።

"የድሮ ከሆነ ሀብት ነው"

አንዳንዱ ብቻ። የኤልጄኤን ጎማ ፊገር ብዙ ስለተሸጠ ብዙ አለ፣ ልጆች እርስ በርስ ስላጋጯቸው ደግሞ ቀለማቸው ተልጧል። አፍንጫውን፣ ፀጉሩንና የጫማውን ጫፍ እዩ፣ መጀመሪያ የሚለቀው እዚያ ነው። ሃስብሮ ላይ ስፕሪንጉ መሥራቱን ሞክሩ።

ዋጋ የሚያወጣው ብርቅ የሆነው ነው፣ ብርቅነት ደግሞ አንዳንዴ በጣም ትንሽ ነገር ላይ ናት። ካማላ የሚባለው ሬስለር የሃስብሮ ፊገሩ ሆዱ ላይ ኮከብ የተሳለበት ከሆነ ሱቅ የተሸጠው ነው። ጨረቃ የተሳለበት ካገኛችሁ ግን በእጅ የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው፣ ሰብሳቢ በሕልሙ የሚያየው ነው። ሪንግ ላይ ደግሞ ዋጋውን የሚይዘው ሙሉነቱ ነው፦ ካርቶኑ፣ ያልተለጠፈው ስቲከር፣ የማዕዘን ትራሶቹ፣ ገመዶቹ። ሦስት ትራስ የጎደለው ሪንግ የመጫወቻ ዋጋ ነው ያለው፣ ለመጫወት ከሆነ ግን ምን ቸገራችሁ።

"ውዱ ለልጅ ይሻላል"

ማቴል ቤዚክና ኢሊት የሚላቸው አሉ። ኢሊቱ ውድ ነው፣ ብዙ ቦታ ይታጠፋል፣ የሚቀያየር እጅና ትንንሽ ዕቃ አብሮት ይመጣል። ለኔ ለሰብሳቢው ግሩም ነው። ለስድስት ዓመት ልጅ ግን ያ ትንሽ እጅ በሁለተኛው ቀን ሶፋ ሥር ገብቶ ይቀራል። ቤዚኩ ውርወራ ይችላል። ሜክሲኮ ውስጥ ልጆች በየገበያው በሚሸጡ ተራ የፕላስቲክ ሉቻዶሮች (የሜክሲኮ ሬስለሮች) እና በእንጨት ሪንግ ነው ሲጫወቱ የኖሩት፣ ፊገሮቹ ምንም አይታጠፉም፣ ጭምብላቸው ቀለም ብቻ ነው፤ ጨዋታው ግን ያው ጨዋታ ነው።

ቤት ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች ሕፃን ካለ ግን ትንንሾቹን ዕቃዎች፣ ማይክሮፎኗን፣ ቦርሳዋን፣ የሚቀያየሩትን እጆች፣ ከፍ አድርጉ። አሜሪካ ውስጥ የሕፃን አሻንጉሊት የሚፈተንበት መለኪያ ቱቦ ስፋቱ 1 ኢንች ከሩብ ነው፣ ጥልቀቱም ከ2 ኢንች ከሩብ አይበልጥም። ውስጡ ሙሉ በሙሉ የገባ ነገር ሁሉ ሊያንቅ ይችላል ይባላል።

"ገመዱ ከላላ አለቀለት"

አላለቀም! ሰው ሪንግ የሚጥለው በዚህ ነው፣ እኔም አንዱን የተጣለ አንስቻለሁ። ገመዱ ብዙውን ጊዜ ላስቲክ ነው፣ ላስቲክ ደግሞ ሲቆይ ይደርቃል፣ ይለጠጥና አይመለስም። ልብስ መስፊያ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ክብ ላስቲክ ግዙ፣ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል፣ በነጭ፣ በቀይ ወይም በጥቁር አለ። አሮጌውን ከማዕዘኑ ስታወጡ በየት እንደገባ ፎቶ አንሱት። አዲሱን ከጎኑ ርዝመት አሳጥራችሁ ቁረጡ፣ ሲወጠር ነው የሚደርሰው። ግን አታብዙት፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ቋሚዎቹን ወደ ውስጥ ያጎብጣቸዋል፣ የእኔ የመጀመሪያው ሙከራ እንደዚያ ሆኖ አንዱ ቋሚ ተሰነጠቀ። ቋጠሮውን ትራሱ ሥር ደብቁት።

ከዚያ አንዱን ፊገር ገመዱ ላይ ተጫኑትና ልቀቁት። መሐል ድረስ ተወርውሮ ከሄደ ደርሷል።