የድንጋይ ክምር መቃብር ምንድን ነው?

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ዳርትሙር የሚባል ደጋ አለ። ነፋሻማ ነው፤ ከሣርና ከአጫጭር ቁጥቋጦ በቀር ብዙም አይበቅልበትም። በየኮረብታው ላይ ክብ የድንጋይ ክምር ይታያል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በነሐስ ዘመን የተሠሩ መቃብሮች ናቸው። እንግሊዞች "ኬርን" ይሏቸዋል።

ዋናው ነገር ያለው ከክምሩ ሥር ነው። ብዙ ጊዜ አራት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ቆመው፣ ሌላ ድንጋይ ከላይ ተከድኖባቸው ትንሽ ሣጥን ይሠራሉ። ሟቹ እግሩን አጥፎ በጎኑ ይተኛበታል፤ አለዚያም አስከሬኑ ይቃጠልና አመዱና የአጥንቱ ስብርባሪ ይገባበታል።

ዛሬ አብዛኞቹ ሣጥኖች ባዶ ናቸው። ወርቅ ፈላጊ በርብሯቸዋል። ገበሬም ድንጋዩን ለአጥርና ለመንገድ ወስዶታል። የተረፈውን አጥንት ደግሞ የአካባቢው አሲዳማ አፈር በልቶታል።

እዚያው ዳርትሙር ውስጥ፣ ኋይትሆርስ ሂል በሚባል ኮረብታ ላይ የተገኘው ሣጥን ግን ሌላ ታሪክ አለው። ቦታው 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ሣጥኑ የተቀበረው ፒት በሚባል አፈር ውስጥ ነበር፤ ፒት ውኃ ባዘለ መሬት ላይ በደንብ ሳይበሰብስ የተጠራቀመ የዕፅዋት ቅሪት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አንደኛው የሣጥኑ ድንጋይ ወድቆ ታየ፤ በ2011 ባለሙያዎች ቆፈሩት። ውኃው አየር ስላላስገባ፣ ሌላ ቦታ ድራሹ የሚጠፋው ሁሉ እዚህ ተርፏል።

በውስጡ የአንድ ወጣት የተቃጠለ አጥንት ነበር። ዕድሜው ከ15 እስከ 25 ይገመታል፤ ሴት ሳትሆን አትቀርም። አጥንቱ የተጠቀለለው በድብ ቆዳ ነው። የተሰፋ ቅርጫት፣ ከከብት ፀጉር የተጎነጎነ አምባር፣ ከእንጨት የተሠሩ የጆሮ ጌጦች አብረው ተቀምጠዋል። ከቆዳና ከሳማ ቃጫ የተሠራ መቀነትም አለ። አዎ፣ ያ የሚለበልበን ሳማ!

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ዶቃው ነው። ከ200 በላይ ነው። ከሸክላ የተሠራ አለ፣ ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ አለ፣ አንዱ ደግሞ የቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ከመዳብ ጋር ተቀላቅሎ ነሐስ ይሆናል፤ በዳርትሙር ጅረቶችም ይገኛል። ከአምበር፣ ማለትም ከጠነከረ የጥንት ዛፍ ሙጫ፣ የተሠሩ ዶቃዎችም አሉ፤ አምበሩ ግን የዚያ አገር አይደለም፤ ምናልባት በሰሜን አውሮፓ ካለው ከባልቲክ ባሕር ዳርቻ ሳይመጣ አልቀረም። ዛሬ ጭር ያለው ደጋ ያን ጊዜ ከሩቅ አገር ጋር የሚገናኝ ሰው ይኖርበት ነበር።