የደመወዝ ጣሪያ ምንድን ነው? አሸንዳውንስ ያየው አለ?

ሰሞኑን ደግሞ ሰማሁት። የአንድ ኳስ ተጫዋች አዲስ ኮንትራት ይፋ ሆነ። አንድ ተንታኝ ማይኩን ጠጋ አደረገና «የደመወዝ ጣሪያ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ገንዘብ ለነርሷም ለመምህሩም ይደርስ ነበር» አለ። አጠገቡ የተቀመጡት በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ሪሞቱን መፈለግ ጀመርኩ።

ሥራዬ የስፖርት ክለቦችን የሒሳብ መዝገብ ማንበብ ነው። ይህችን አባባል ድሮም እሰማታለሁ፤ አሁን ግን በየሳምንቱ ሆነች። ስለዚህ ልተንፍሰው።

የደመወዝ ጣሪያ ማለት አንድ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን ለተጫዋቾቹ በድምሩ ሊከፍል የሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው። ትርጉሙ ይኸው ነው፤ እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው የለም። ስህተቱ የሚጀምረው ጣሪያውን አይተን ዝናቡን ስንረሳው ነው።

ዝናቡ የሚመጣው ከላይ ነው፦ ከቴሌቪዥን መብት፣ ከስፖንሰር፣ ከትኬት፣ ከማልያ ሽያጭ። ቤት ላይ ጣሪያ ስለተሠራ ዝናብ አይቆምም። ውሃው በቆርቆሮው ላይ ተንሸራቶ አሸንዳ ውስጥ ይገባል። አሸንዳው ደግሞ በርሜል ውስጥ ያወርደዋል። በርሜሉ የማን ነው? የቤቱ ባለቤት። ነርሷ እዚያ ግቢ ውስጥ የለችም።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የእንግሊዝ እግር ኳስ ሞክሮታል፤ ያኛው ጣሪያ ግን በቡድኑ ድምር ሳይሆን በእያንዳንዱ ተጫዋች ላይ ነበር። ከ1901 (እ.ኤ.አ.፤ ቀጥሎ ያሉትም እንዲሁ) ጀምሮ አንድ ተጫዋች በሳምንት ከ4 ፓውንድ በላይ እንዳይከፈለው ተከለከለ። መጠኑ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እያለ ከፍ ይል ነበር፤ ጣሪያው በጥር 1961 ሲነሳ 20 ፓውንድ ደርሶ ነበር። በመሃሉ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ሕዝቡ ወደ ስታዲየም ጎረፈ። በ1948-49 የውድድር ዘመን ብቻ ከ41 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ገባ። ዶፍ ዘነበ ማለት ነው። ተጫዋቹ ያን ጊዜ ቢበዛ በሳምንት 12 ፓውንድ ያገኝ ነበር።

ታዲያ ውሃው የት ሄደ? አንዱን በርሜል ላሳያችሁ። በ1947 የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አጥቂ ቶሚ ላውተን ከቼልሲ ወደ ኖትስ ካውንቲ በ20,000 ፓውንድ ተዛወረ። ኖትስ ካውንቲ ያኔ ሦስተኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት ክለብ ነው! ሒሳቡን እንሥራው። በሳምንት 12 ፓውንድ በዓመት ቢበዛ 624 ፓውንድ ይሆናል። አንዱ ክለብ ለሌላው ክለብ በአንድ ቀን የከፈለው ገንዘብ የተጫዋቹ ከ30 ዓመት በላይ ደመወዝ ነው። ገንዘቡ እንግዲህ ነበረ። ሲሮጥ የዋለው ሰው እጅ አልገባም እንጂ የትም አልጠፋም። በጂሚ ሂል የሚመራው የተጫዋቾች ማኅበር የሥራ ማቆም አድማ እመታለሁ ብሎ ሲያስፈራራ ጣሪያው ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ የፉልሃሙ ጆኒ ሄይንስ በሳምንት 100 ፓውንድ ተከፋይ ሆነ። ከ20 ወደ 100 የተዘለለው በአንድ ጀምበር ዝናቡ አምስት እጥፍ ስለጨመረ አይደለም።

ተንታኙን አንድ ነገር ብጠይቀው ደስ ይለኛል። ጣሪያው ሀብታሞችን መግቻ ከሆነ፣ ሀብታሞቹ ራሳቸው ለምን አጥብቀው ይፈልጉታል? የሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ ባለቤቶች ጣሪያ ለማስገባት ሲሉ የ2004-05ን የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ ሰርዘዋል። አንድም ጨዋታ አልተደረገም። በመጨረሻ ተጫዋቾቹ በ39 ሚሊዮን ዶላር የቡድን ጣሪያ ተስማሙ፤ በዚያ ላይ የነበራቸው ኮንትራት በ24 በመቶ ተቀነሰ። በቤዝቦል ደግሞ በ1994 ባለቤቶች ጣሪያ ይግባ ሲሉ ተጫዋቾቹ ሥራ አቆሙ፤ የዚያ ዓመት የፍጻሜ ውድድር ሳይካሄድ ቀረ። ቤዝቦል እስከ ዛሬ ጣሪያ የለውም፤ ከተወሰነ መጠን በላይ የሚከፍል ቡድን ታክስ ይከፍላል እንጂ። ጣሪያ የጠየቀው ማን፣ የተቃወመው ማን እንደነበር ማየት ብቻውን ብዙ ይናገራል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በዘመናዊዎቹ ሊጎች ጣሪያው ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። መጀመሪያ ባለቤቶችና ተጫዋቾች በመቶኛ ይደራደራሉ፤ ከገቢው ስንቱ ለእናንተ፣ ስንቱ ለእኛ ይባባላሉ። የጣሪያው ቁጥር የሚወጣው ከዚያ ነው። የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ተጫዋቾች ድርሻ 57 በመቶ ነበር። በ2011 ባለቤቶቹ ተጫዋቾቹን ከሥራ አግደው ሲደራደሩ ቆዩና ድርሻው ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ የተነካው አሸንዳው፣ ማለትም ክፍፍሉ ነው። ተንታኙ ግን ስለ ጣሪያው ከፍታ ያወራል።

እዚያው ሊግ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር አለች። ከተጫዋቾች ደመወዝ 10 በመቶው በመያዣ ይቀመጣል። በዓመቱ መጨረሻ ተጫዋቾቹ በድምሩ ከተስማሙበት ድርሻ በላይ ወስደው ከተገኙ ትርፉ ከመያዣው ተቆርጦ ለባለቤቶች ይሄዳል። ስለዚህ በዜና የምታዩት የኮንትራት ቁጥር ተጫዋቹ ኪስ የሚገባው ቁጥር አይደለም። ታክሱን ገና አልጠራሁም። ታክስ ከተነሳ ደግሞ ቴክሳስና ፍሎሪዳ በክፍለ ግዛት ደረጃ የገቢ ግብር የላቸውም፤ ካሊፎርኒያ አለባት። ጣሪያው ለሁሉም እኩል ነው ሲባል ወለሉ እኩል አለመሆኑን የሚያነሳ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። (ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤ የሙያ በሽታ ነው።)

ምሳሌዬም የሚያንስበት ቦታ እንዳለ አውቃለሁ። የቤት ጣሪያ ባለበት ይቆያል፤ ይሄኛው ግን ዝናቡ በበረታ ቁጥር ከፍ ይላል። የቅርጫት ኳሱ ጣሪያ በ1984-85 3.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2024-25 ከ140 ሚሊዮን አልፏል። በዚያ ላይ ቀዳዳ አለው፤ የራሱን ነባር ተጫዋች የሚያቆይ ቡድን ከጣሪያው በላይ እንዲከፍል ይፈቀድለታል። የአሜሪካ እግር ኳሱ (ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት) ደግሞ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለውም፤ ከ2010 በቀር ከ1994 ጀምሮ ድፍን ቆርቆሮ ነው። ሁለቱንም በአንድ ስም እየጠሩ ማወዳደር ትንሽ ያስቸግራል።

«ቢያንስ ውድድሩን እኩል ያደርጋል» የሚሉም አሉ። ይሄኛው የተሻለ ክርክር ነው፤ አልንቀውም። ግን በዚያ ድፍን ቆርቆሮ ስር ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ የተባለው ቡድን ከኮከቡ ቶም ብሬዲ ጋር ስድስት ጊዜ ዋንጫ አንስቷል። ጣሪያ በሌለው የእንግሊዝ ሊግ ደግሞ በ2016 ሌስተር ሲቲ ሻምፒዮን ሆኗል። በእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች ምንም አይረጋገጥም፤ ተንታኞች በአንድ ምሳሌ ስለሚያረጋግጡ ነው ያነሳኋቸው። የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግን ፉክክር ይበልጥ የሚረዳው በእኔ ግምት አገር አቀፉ የቴሌቪዥን ገንዘብ ለሁሉም ቡድን እኩል መከፋፈሉ ነው። እሱ ስለ ዝናቡ ክፍፍል ነው፤ ስለ ጣሪያ አይደለም።

ሌላው የሚያበሳጨኝ የአውሮፓው የፋይናንስ ጨዋነት ደንብ «የደመወዝ ጣሪያ» እየተባለ መጠራቱ ነው። የአውሮፓ እግር ኳስ የበላይ አካል ዩኤፋ መጀመሪያ ያወጣው ደንብ ከገቢህ በላይ አታውጣ የሚል ነው። አዲሱ ደግሞ ለተጫዋችና ለአሰልጣኝ ደመወዝ፣ ለዝውውርና ለወኪል የሚወጣው ከክለቡ ገቢ 70 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። 70 በመቶ ሲባል ለሁሉም እኩል ይመስላል። 800 ሚሊዮን ዩሮ የሚያስገባ ክለብ ግን 560 ሚሊዮን ማውጣት ይችላል፤ 100 ሚሊዮን የሚያስገባው 70 ሚሊዮን። እያንዳንዱ ቤት በባለቤቱ ሀብት ልክ ጣሪያ ተሠራለት ማለት ነው። ዓላማው ክለቦች በዕዳ እንዳይወድቁ ነው፤ ለዚያ ጥሩ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ድሃውን ክለብ ከሀብታሙ እኩል ያደርጋል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ግን ደንቡ ያልገባውን ቃል እየጠየቀው ነው።

እኔም ሰው ነኝ፤ የአንድ ሰው የሳምንት ደመወዝ የሌላው የዕድሜ ልክ ገቢ ሲሆን ሳይ ይከብደኛል። መዝገብ ስገልጥ ከተጫዋቾቹ መስመር ዝቅ ብሎ የጽዳት ሠራተኞቹ ወጪ አለ፤ ዓይኔ እዚያ ላይ መቆሙ አይቀርም። ተጫዋቹ ይህን ያህል «ይገባዋል» ወይ ብትሉኝ መልስ የለኝም። ሰውየው የሚያመጣውን ገንዘብ መለካት እችላለሁ፤ የሚገባውን መለኪያ ግን ሙያዬ አልሰጠኝም። ለነርሷና ለመምህሩ የሚሆን ውሃ ከፈለግን ግን መቀዳት ያለበት በግብር ነው፤ ያውም ከተጫዋቹ ብቻ ሳይሆን ከበርሜሉም ጭምር። ተንታኙ የተጫዋቹን ደመወዝ እስከ ሳንቲሙ በቃሉ ይዞታል። የክለቡን ባለቤት ስም እንኳ አልጠራም።